ወዳጅ የተባለው ጉንፋንና አስተኚው ገብረወልድ

ሚዛን ተፈሪ ገብቶ «የገብረወልድ ቤት የት ነው?» ያለ እንግዳ፣ ልብስ ሰፊው ገብረወልድ ዘንድ ወይም ነጋዴው ገብረወልድ ዘንድ ደርሶ ይመለስ ነበር። «አስተኚው» ካለ ግን ውሻ እንኳ መንገዱን ያሳየዋል። ከሸኮ እስከ ማጂ በቢላ የታከመ ሰው ሁሉ በእሱ እጅ ተኝቶ በእሱ እጅ ነቅቷል። የመንግሥት ማዕረጉ «ድሬሰር፣ የማደንዘዣ ሠራተኛ» ነው። እሱ ግን ይህን ስም አይወድደውም። «ማደንዘዝማ ብርድም ያደነዝዛል፤ ማስተኛትም አረቄ ይችልበታል። መቀስቀሱ ነው ሙያው!» ይል ነበር፣ የጢሙን ጫፍ ወደ ላይ እያቀና።

ትውልዱ ከእምድብር ወዲያ ነው። በልጅነቱ ጨርቅ ነጋዴ አጎቱ ወደ ማጂ ይዞት ሲያልፍ ሚዛን ላይ ወባ ጣለውና፣ አጎቱ «ሲሻለው ይከተለኛል» ብሎ ሆስፒታል ጥሎት ሄደ። ሲሻለው አልተከተለም። ወለል ሲወለውል፣ መርፌ ሲቀቅል፣ አስታማሚ ለሌለው በሽተኛ ውሃ ሲያቀብል አደገ። ቁስል ማሰር ተማረ። በመጨረሻም ጅማ ተልኮ የማደንዘዣን ሥራ አጥንቶ ተመለሰ። ሲመለስ ይዞ የመጣው አንድ ኮትና አንድ ዝና ነበር። ኮቱ ቶሎ አለቀ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በሽተኛው ጠረጴዛው ላይ ሲጋደም፣ በሻሽ የተጠቀለለ የሽቦ ጭምብል አፍንጫውና አፉ ላይ ይደፋበታል። ኤተር የሚባለው መድኃኒት ጠብ ጠብ እያለ ሻሹን ያርሰዋል፤ በሽተኛው ሽታውን ይተነፍሳል፣ ይተኛል። ጅማ ያስተማሩት ሰዎች «በሽተኛውን ከአንድ ጀምረህ ቁጠር በለው» ብለውት ነበር። ገብረወልድ ይህን ሚዛን ላይ ሞክሮ ተወው። ቤንችኛ ተናጋሪው በአማርኛ ሲቆጥር ይሳሳትና ያፍራል፤ ያፈረ ሰው ደግሞ እንቅልፍ አይወስደውም። ስለዚህ የራሱን ዘዴ አበጀ። «አባቶችህን ቁጠርልኝ» ይላል። አባቱን የማያውቅ የለም። ሰው አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን እየጠራ ወደ ኋላ ሲሄድ ሳያውቀው እንቅልፍ ውስጥ ይገባል። «ከሰባተኛው አያት ያለፈ ገጥሞኝ አያውቅም፤ ሰባተኛው ላይ ሁሉም ያንኮራፋል» እያለ ይኩራራ ነበር።

ያ ዓለምን የዞረ ጉንፋን እኛ አገር የደረሰው በ1970 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ የውጭ ሬዲዮ የሚያዳምጥ ሰው ሁሉ «የሩሲያ ጉንፋን» እያለ ማውራት ጀመረ። ወሬው ቀበሌ ደረሰ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ስብሰባ ጠርቶ፣ ጠረጴዛ እየደበደበ፣ «ከወዳጅ አገር ጉንፋን አይመጣም! ከወዳጅ የሚመጣ ወዳጅነት ብቻ ነው!» አለ። ይህን ሲል ራሱ ሳሉን መግታት አቃተው።

ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አነሡ። «ጓድ ሊቀ መንበር፣ ታዲያ ማን መጣብን ብለን እንሳል?»

በዚያ ዘመን ስብሰባ ላይ መሳቅ ያስጠይቅ ነበርና ሰው ሁሉ ሳቁን ሳል አስመሰለው። አዳራሹ በሳል ተናወጠ። ያመመውም ያላመመውም እንባው እስኪወርድ ሳለ። ሊቀ መንበሩም «ይኸው፣ ሕዝቡ በጠና ታምሟል» ብሎ ስብሰባውን በተነ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የበሽታው ስም በከተማው «ወዳጅ» ሆነ። «እገሌ ምነው ጠፋ?» ሲባል «ወዳጅ ይዞት ተኝቷል» ነው መልሱ። «ልጆችሽስ?» ሲባል «ሁሉም ወዳጅ አለባቸው።» በተለይ ወጣቱን ይመርጥ ነበርና ትምህርት ቤቱ ባዶ ቀረ፤ የወጣት ማኅበሩም ሰልፍ መውጣት አቅቶት ተኛ።

ወዳጅ የገብረወልድንም ቤት አልማረም። መጀመሪያ ልጆቹን ያዘ፣ ቀጥሎ ሚስቱ ወለተሥላሴ ማስነጠስ ጀመረች። ገብረወልድ የመጀመሪያዋን ማስነጠስ እንደሰማ ፍራሹን ጠቅልሎ፣ ትራሱን በብብቱ ይዞ፣ ወደ ሆስፒታሉ ዕቃ ክፍል ተሰደደ። ወሬው ገበያ ሲደርስ መልኩን ለውጦ ነበር።

«ገብረወልድ ከቤቱ ወጣ አሉ።»

«ውይ! ምን ሆኖ?»

«ሚስቱ ወዳጅ አግኝታ ነዋ!»

ወለተሥላሴ ይህን ሰምታ ገበያው መሐል ቆመችና «የእኔስ ወዳጅ እሱ ነበር፤ በአንድ ማስነጠስ ጥሎኝ ፈረጠጠ እንጂ!» ብላ ሰውንም ራሷንም አሳቀች።

ገብረወልድ ግን የሸሸው ለራሱ ፈርቶ አልነበረም። ስለ ኡሙሀኒ ነበር።

ኡሙሀኒ ከጅማ አካባቢ የመጣች የቅመም ነጋዴ ናት። ኮረሪማ፣ ጥምዝ፣ ዝንጅብል፣ በርበሬ ስትነግድ ኖራለች፤ ድምፅዋ ከገበያው ጫፍ ጫፍ ይሰማል። ባሏ አባቢያ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ ሁለት ቃል ቢናገር ብዙ ነው፤ «እሷ ለሁለታችንም ትናገራለች» ይላል፣ እሱንም ሲጠየቅ ነው። ይህች ሴት ጡቷ ውስጥ የኮረሪማ ፍሬ የምታህል ጠጣር ነገር አገኘችና ዝም አለች። ስለ ሁሉም ነገር ስትጮኽ ስለዚህ ብቻ ዝም አለች። እብጠቱ ሲያድግ እህቷ ቱርከያ አየችባትና እየጎተተች ሆስፒታል አመጣቻት።

ቀዶ ጥገና ሐኪሙ ዶክተር በዛብህ ከአዲስ አበባ ለአጭር ጊዜ የመጣ ወጣት ነው። ዳስሶ አየና «ነቀርሳ ነው። አሁን ከተቆረጠ ይወጣል። ከቆየ ግን ወደ ብብቷ፣ ከዚያም ወደ ሳንባዋ ይዘልቃል፤ ያኔ ቢላም አያድናትም» አላቸው። ለመቁረጥ ሲዘጋጁ ለዶክተሩ አስቸኳይ ትእዛዝ ደረሰው፤ በሐሙስ አውሮፕላን ወጥቶ ወደ ምሥራቅ ጦር ግንባር እንዲሄድ። በምትኩ የሚመጣ ሐኪም የለም። ስለዚህ የቀረችው ቀን ረቡዕ ብቻ ሆነች።

ኤተርና ጉንፋን ደግሞ አይስማሙም። ጉንፋን የያዘው ሰው በኤተር ከተኛ ሳሉ ይነሣበታል፣ አክታ ትንፋሹን ይዘጋዋል፣ እንደተኛ ሊቀር ይችላል። ገብረወልድ ይህን ያውቃል። ኡሙሀኒን ከሰው ለይቶ ዳር ላይ ባለች አንዲት ክፍል አስገባት። ከቱርከያ በቀር ማንም እንዳይገባ ከለከለ። የበሩን ዘበኛ ሸምሱን ጠርቶ አዘዘው።

«ጠያቂ እንዳታስገባ።»

«እሺ።»

«ሙልሙልም ይዞ ቢመጣ!»

«ሙልሙሉን ተቀብዬ ሰውየውን ልመልስ?»

«ሙልሙሉንም! ተነፍሶበት እንደሆነ በምን ታውቃለህ?»

«ሊቀ መንበሩስ ቢመጣ?»

ገብረወልድ ጥቂት አሰበ። «እሱን... ተኝታለች በለው።»

አንድ ስጋት ግን ቀረበት። ቱርከያ እህቷን ትወዳለች፤ ኡሙሀኒ ብታስነጥስ «ቀዶ ጥገናው ይቀራል» ብላ ትደብቀዋለች። እዚህ ላይ አስተኚው በራሱ ብልህነት እጅግ ተደሰተ። ማስነጠስን በትራስ ማፈን ይቻላል፤ ሰው ሲያስነጥስ ሰምቶ ግን «ይማርሽ» ሳይል ዝም የሚል ፍጡር በአገራችን አልተወለደም። ሌባ እንኳ ሊሰርቅ ገብቶ ባለቤቱ ቢያስነጥስ «ይማርህ» ብሎ ይያዛል። ስለዚህ ገብረወልድ ጆሮውን ለ«ይማርሽ» ሰጠ። ሰኞም ማክሰኞም አንዲት «ይማርሽ» አልተሰማችም። «ክፍሏ የጸዳች ናት» እያለ በኮሪደሩ ሲንጎራደድ ጢሙ እንደ በግ ቀንድ ተጠቅልሎ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት በኡሙሀኒ መደብ አጠገብ የሚነግዱ ሴቶች፣ ለተብርሃን የምትባል ሽንኩርት ነጋዴ ከፊት ሆና፣ ወደ ሆስፒታሉ መጡ። በቢላ ልትታከም የተኛች የገበያ ጓደኛን ሳይጠይቁ መቅረት እንዴት ይሆናል! ሸምሱ በሩ ላይ መለሳቸው። ለተብርሃን «እሺ ሸምሱ፣ አንተም ታመምና እናያለን» አለችውና ሴቶቹን ይዛ በአጥሩ ዞረች። ከሆስፒታሉ ጀርባ ባለው ቡና ውስጥ አልፈው፣ በኡሙሀኒ ክፍል የኋላ መስኮት በኩል ብቅ አሉ። ለተብርሃንም እንደ ጦር አዛዥ ሰልፍ አስያዘቻቸው።

«የምታስል ትመለስ! ነጠላ አፍ ላይ! ወደ መስኮቱ እንዳትጠጉ፣ ከእንሰቱ ወዲህ ሆናችሁ እግዜር ይማርሽ ትሉና ታልፋላችሁ። ወሬ የለም!»

በዚያች ሰዓት ገብረወልድ ከግድግዳው ወዲያ ባለው የቀዶ ጥገና ክፍል ሻሽ ያጥፍ ነበር። ከኡሙሀኒ ክፍል አንድ ድምፅ መጣ።

«ይማርሽ!»

እጁ ቀጥ አለ። ደግሞ፦

«ይማርሽ!»

«የለም፣ የለም» አለ ገብረወልድ።

«ይማርሽ! ይማርሽ!... ይማርሽ!»

ሻሹ ከእጁ ወደቀ። ሴትዮዋ ያለ ፋታ እያስነጠሰች ነው! እሱ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ጉንፋን ሰምቶ አያውቅም። አንዱ ይማርሽ ሳያልቅ ሌላው ይደርሳል። መቁጠር ጀምሮ ጠፋበት። በመጨረሻ ግንባሩን ይዞ ወደ ዶክተሩ ሮጠ።

ዶክተር በዛብህ ቀኑን በቀዶ ጥገና ክፍል ስለሚውል የከተማውን ቀልድ አልሰማም ነበር። እጁን እየታጠበ ሳለ ገብረወልድ ደረሰበት።

«ዶክተር፣ ኡሙሀኒን ዛሬ አላስተኛትም።»

«ምነው ጋሽ ገብረወልድ?»

«ወዳጅ ገብቶባታል።»

«ታዲያ ይግባ እንጂ። ወዳጅ የታመመን ቢጠይቅ ምን ነውር አለው?»

«መጠየቅ አይደለም ዶክተር! ይዟታል ነው የምልዎት!»

«ይዟታል?» ዶክተሩ ደንግጦ ወደ በሩ ተመለከተ፤ ድምፁንም ዝቅ አደረገ። «ባሏ አይቷል?»

«ባሏ ምን ያያል፤ በጆሮዬ የሰማሁት እኔ ነኝ።»

«ጋሽ ገብረወልድ፣ ይህ እንኳ የእኛ ጉዳይ አይመስለኝም። ሰውየው በሰላም ይውጣና ሥራችንን እንሥራ።»

«እንዴት ብሎ ይወጣል? አንዴ ከገባ ሳምንት ሳይቆይ አይወጣም!»

«ሳምንት!»

«ምን ይደንቅዎታል? እኔስ ከቤቴ የወጣሁት በእሱ አይደለም? መጀመሪያ ልጆቼን፣ ቀጥሎ ሚስቴን...»

ዶክተሩ እጁን ሳያደርቅ መጥቶ የገብረወልድን ትከሻ በሐዘን ያዘው። «ሚስትዎንም? ያው ሰውዬ?»

ገብረወልድን ተከትሎ መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ የነበረው ሸምሱ ከዚህ በላይ አልቻለም። ዱላውን ጥሎ ሆዱን ይዞ ተቀመጠ። «ዶክተር... ዶክተር... ጉንፋን ነው! እኛ ዘንድ ወዳጅ ማለት ጉንፋን ነው!»

ዶክተሩ ከት ብሎ ሳቀ። ሳቁ መሐል ላይ ግን ነገሩ ገባውና ፊቱ ተለወጠ። ጉንፋን ከሆነ ማስተኛት የለም። ማስተኛት ከሌለ መቁረጥ የለም። ነገ ደግሞ እሱ የለም። «እርግጠኛ ነዎት?» አለ። «በጆሮዬ ሰማሁ» አለ ገብረወልድ። ዶክተሩ ስለ ማስተኛት የገብረወልድን ቃል አልፎ አያውቅም። መዳፉን በፎጣ ጠረገና ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ።

ለአባቢያ መንገር የገብረወልድ ዕጣ ሆነ። ሰውየው ከክፍሉ ውጭ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። «አባቢያ፣ ዛሬ አይሆንም። ጉንፋን ይዟታል» አለው። አባቢያ ቀስ ብሎ በግድግዳው ላይ እየተንሸራተተ መሬት ተቀመጠና ኮፍያውን አውልቆ ጭኑ ላይ አኖረ። ገብረወልድ ቢጮኽበት፣ ቢሰድበው ይሻለው ነበር።

የጮኸችው ኡሙሀኒ ናት። የሆስፒታሉን ነጭ ካባ እንደለበሰች፣ በባዶ እግሯ፣ በሩን በርግዳ ወጣች። ቱርከያ ከኋላዋ የካባውን ጫፍ እየሳበች ትከተላለች።

«አንተ ገብረወልድ! ማነው ጉንፋን የያዘው?»

«ተመለሺ፣ ብርድ ይመታሻል!»

«ብርዱን ተወው! ሳስነጥስ አየኸኝ?»

«ሰማሁሽ።»

«ሳስነጥስ ሰማኸኝ? ዕድሜዬን በርበሬና ጥምዝ ስሰልቅ የኖርኩትን? የእኔ አፍንጫ እኮ ጡረታ ከወጣ ቆየ!»

«ስታስነጥሺ አልሰማሁም፤ ይማርሽ ሲሉሽ ነው የሰማሁት። ቆጥሬ እስኪያቅተኝ!»

ኡሙሀኒ ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። ገበያ ላይ እንዲህ ስትቆም የሚያውቋት ሁሉ ዕቃቸውን ይሰበስባሉ። «ይማርሽ ሲሉኝ፣ እኔ ምን ብዬ መለስኩ?»

ገብረወልድ ድምፁን አስታወሰ። ይማርሽ... አሜን። ይማርሽ... አሜን።

«አሜን... ነው ያልሽው» አለ።

«ያስነጠሰ ሰው አሜን ይላል? እናትህ እንደዚህ ነው ያስተማረችህ?»

ያስነጠሰ ሰው «ይማርህ» ሲሉት «ያኑርህ» ነው የሚለው። «አሜን» የሚለው የታመመ፣ ጠያቂ መጥቶ «እግዜር ይማርህ» ያለው ሰው ነው። ይህን ጡት ያልጣለ ሕፃን ያውቀዋል። ገብረወልድም ያውቃል። ነገር ግን ጆሮውን በሙሉ ለ«ይማርሽ» ሰጥቶ ለመልሱ ምንም አላስቀረም ነበር።

«ማነው ያስገባቸው?» ብሎ ሸምሱ ላይ አፈጠጠ።

«በእኔ በኩል ዝንብ አልገባም!» አለ ሸምሱ።

«በመስኮት ነው» አለች ቱርከያ አንገቷን ደፍታ። «ከእንሰቱ ወዲህ ቆመው፣ ነጠላ አፋቸው ላይ አድርገው ነው እንጂ አልተጠጉም። ለተብርሃን አንዲቱን እንኳ ስታስል ሰምታ አባራታለች።»

ዶክተሩ በጩኸቱ ወጥቶ ከኋላ ቆሞ ኖሯል። «ጋሽ ገብረወልድ፣» አለ በቀስታ፣ «ደረቷን አዳምጠዋል?»

አላዳመጠም። እንደዚህ ያለ ጥያቄ ለኩሩ ሰው ከጥፊ ይበልጣል። ጢሙ ወደታች ወረደ። ማዳመጫውን ከአንገቱ አውርዶ፣ እዚያው ኮሪደሩ ላይ ቱርከያ በነጠላዋ እየጋረደቻት፣ የኡሙሀኒን ጀርባ ከላይ እስከ ታች አዳመጠ። ሙቀቷን ለካ። ጉሮሮዋን በእጅ ባትሪ አየ። ደግሞ አዳመጠ።

«ደረቷ እንደ ከበሮ የጠራ ነው» አለ በመጨረሻ። ከዚያም ሄዶ አባቢያ ፊት ተንበረከከ፤ ኮፍያውን ከጭኑ አንሥቶ ራሱ ላይ ደፋለት። «ተነሥ አባቢያ። የታመመው የእኔ ጆሮ ነው።»

አባቢያ ቀና ብሎ አየው። «ትተኛለች?» አለ።

«ትተኛለች።»

«ትነቃለች?»

ገብረወልድ ሌላ ቀን ቢሆን ጢሙን አቅንቶ ረጅም ንግግር ያደርግ ነበር። ያን ቀን ግን «የምችለውን ሁሉ አደርጋለሁ» ብቻ አለ።

የቀዘቀዘው ውሃ እንደገና ፈላ። ቢላው እንደገና ተቀቀለ። ገብረወልድ የገዛ ትንፋሹን እንኳ ጠርጥሮ አፍና አፍንጫውን በድርብ ጨርቅ አሰረ፤ ጢሙ ከጨርቁ ግራና ቀኝ ሾልኮ ወጣ። ኡሙሀኒ ጠረጴዛው ላይ ተጋደመች። ጭምብሉን ሲደፋባት ዓይኑን በዓይኗ ያዘችው፤ ያን ጊዜ ብቻ ፈርታ አያት።

«አባቶችሽን ቁጠሪልኝ» አላት በለሆሳስ፣ የመጀመሪያዋን ጠብታ እየጣለ።

«ቢስሚላህ። በአባቴ ወገን ነው በእናቴ?»

«በፈለግሽው።»

«እንግዲያ በአባቴ እንጀምር፤ በእናቴ እንጨርሳለን። አባቴ አባ ዝናብ። አያቴ ዑመር፤ እሱ ጥሩ ሰው ነበር፣ ሚስት ብቻ በዛበት። የእሱ አባት ቱፋ። የቱፋ አባት አባ ራያ፤ በቅሎው ነክሳው ነው የሞተው...»

«ስሙን ብቻ!» አለ ገብረወልድ።

«ታሪክ የሌለው ስም ምን ያደርግልሃል? የአባ ራያ አባት... ሽታው ደግሞ ምንድነው? የተበላሸ ዝንጅብል! ... ጉዮ። የጉዮ አባት አባ ጨብሳ። ሰባተኛው አባ ፎጊ።»

ገብረወልድ ሰባተኛው ላይ ጆሮውን አቀና። ማንኮራፋት የለም።

«ስምንተኛው» አለች ኡሙሀኒ፤ ኤተሩ ገብቷት ምላሷ መጎተት ጀምሯል፤ ሳቅም እየመጣባት ነው። ኤተር አንዳንዱን ሰው ከመተኛቱ በፊት ያስቀዋል። «ስምንተኛው... ረጅም ነበር አሉ። ረ...ጅም። እንደ ዶክተሩ አፍንጫ!»

ዶክተሩ ቢላውን እንደያዘ በጨርቁ ውስጥ በሳቅ ፈነዳ። ነርሷም ዞራ ግድግዳውን ተደገፈች። «ዝም በሉ! ተኝታለች!» አለ ገብረወልድ፤ የሱም ጢም ግን በጨርቁ ግራና ቀኝ ይንቀጠቀጣል።

«አልተኛሁም» አለች ኡሙሀኒ። «ዘጠነኛው... ዘጠነኛው የፈረስ ሌባ ነበር፤ እሱን አንቆጥረውም። በእሱ ላይ ዘልለን... ዘልለን... አሥረ...»

እዚህ ላይ ድምፅዋ ተቆረጠ። ከዚያም የሁሉንም ሳቅ ያስቆመ፣ ጥልቅ፣ ሰላማዊ ማንኮራፋት ተሰማ።

ከዚያ በኋላ ማንም አልቀለደም። ገብረወልድ አንድ ጣቱን የጆሮዋ አጠገብ ያለችው የደም ሥር ላይ አኑሮ፣ ዓይኑን ደረቷ ላይ ተክሎ፣ በሌላው እጁ ኤተሩን እንደ ማር እየቆጠበ ጠብ ጠብ ያደርጋል። ትንፋሿ ሲፈጥን ይጨምራል፤ ሲደክም ጭምብሉን አንሥቶ አየር ያስገባላታል። አንድ ጊዜ ትንሽ ሳል ቢጤ ደረቷን ነካ አደረጋት። ጭምብሉን አነሣ፣ አንገቷን አቀና፣ ጠበቀ። ሳሉ አልተመለሰም። ዶክተሩም ዕጢውን ከነሥሩ፣ በብብቷ ያሉትን ንፍፊቶችም አብሮ አወጣና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ «ጨርሻለሁ። የቀረው የእርስዎ ነው» አለው።

መቀስቀሱ ነው ሙያው። ገብረወልድ ጭምብሉን አስቀምጦ አጠገቧ ተቀመጠ። «ኡሙሀኒ!» ዝም። «አንቺ ኡሙሀኒ!» ዝም። ጉንጯን መታ መታ አደረገ። በመስኮቱ የምትገባው የከሰዓት ፀሐይ ከጠረጴዛው ወደ ወለሉ ወረደች። ኡሙሀኒ ሳትነቃ ከተለመደው ይልቅ ቆየች። ገብረወልድ ማርያምን ጠራ፤ ከዚያ ሴትዮዋ እስላም መሆኗ ትዝ አለውና በእሷም ወገን አላህን ለመነ። ማንም እንዳይቀየም ሁለቱንም ደገመ።

«ውሃ» አለ አንድ የሻከረ ድምፅ።

ገብረወልድ ዘሎ ተነሣ። «ኡሙሀኒ! ማን ነኝ?»

አንድ ዓይኗን ገለጠች። «ጢም» አለች። ጥቂት ቆየችና «አልቋል?»

«አልቋል።»

«ወጣ?»

«ከነሥሩ ወጣ።»

ዓይኗን ጨፈነች፤ ከሽፋሽፍቷ አንዲት እንባ ወደ ጆሮዋ ወረደች። ወዲያው ግን ሁለቱንም ዓይኖቿን አፈጠጠች። «ስተኛ ምን ስል ነበር?»

«ስለ ዘጠነኛው አያትሽ ታወሪልን ነበር።»

«ሐራም! ስለ ፈረሱ? ለሰው የነገርክ እንደሆነ ገብረወልድ...» ብላ ልትነሣ ስትሞክር ሁለት ሰው ይዞ አስተኛት። ይህች ሴት ከዚያ በኋላ ብዙ ዕድሜ አግኝታ የልጅ ልጅ ድራለች፤ ድምፅዋም ከገበያው ጫፍ ጫፍ ከመሰማት አልቀነሰም።

ገብረወልድ የአፉን ጨርቅ ፈትቶ ወደ ውጭ ወጣ። ግቢው በሰው ተሞልቷል። ለተብርሃንና የገበያው ሴቶች አሉ። ሸምሱ በሩን ትቶ መጥቷል። ወለተሥላሴም ከነጉንፋኗ አጥር ተደግፋ በሩቁ ቆማለች። ከሁሉ ፊት አባቢያ ኮፍያውን በሁለት እጁ እያዞረ ይጠብቃል። ገብረወልድ ለእንዲህ ያለ ጊዜ የተዘጋጀ ንግግር ነበረው፤ ስለ ሳይንስ፣ ስለ ጅማ፣ ስለ ራሱም ጥቂት። አፉን ሲከፍት አንዱም አልመጣለት።

«ነቅታለች» አለ። ቀጥሎም «እየተሳደበች ነው» አለና ሳቅ አሸነፈው።

አባቢያ «አልሐምዱሊላህ!» ብሎ ጮኸ። ከተማው የዚያን ሰው ጩኸት ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። ኮፍያውን ወደ ሰማይ ወረወረና ሸምሱን አቅፎ አሽከረከረው። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። አቀለጡት ማለት እንኳ ይበዛል፤ ከግማሾቹ ጋር ወዳጅ ነበረና፣ አንዷ «እልል» ብላ ጀምራ በሳል ትጨርሰዋለች፣ ሌላዋ ከሳሏ ስትመለስ ካቆመችው ላይ ታነሣዋለች። ለተብርሃን «ነጠላ አፍ ላይ! ነጠላ አፍ ላይ!» እያለች በመሐላቸው ትሮጣለች። ማን እየሳለ፣ ማን እየሳቀ፣ ማን እያለቀሰ እንደሆነ መለየት አልተቻለም። ግቢው በሙሉ ግን እልል ይል ነበር።